ለትንሿ መስታወት የሚሆን ዓሣ

በሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ከሆሳዕና በፊት ባለው ዓርብ ጧት፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ በወይዘሮ ካሣነሽ ቤት አራት ሰዎች ነበሩ። ወይዘሮ ካሣነሽ ራሳቸው፣ ልጃቸው ቀለመ ወርቅ፣ ማታ ከወገዳ የገቡት ወንድማቸው አቶ ወርቅነህ፣ እና የነፍስ አባታቸው ቄስ ወልደ ሰንበት። ከአራቱ ሦስቱ የወይዘሮ ካሣነሽ ሴት ልጅ ኢየሩሳሌም ጅዳ ላይ መሞቷን ያውቃሉ። የማያውቁት እናቷ ብቻ ናቸው።

ወሬው የመጣው ማክሰኞ ዕለት ለቀለመ ወርቅ በስልክ ነበር። የደወለችው እኅቱ በምትሠራበት ሰፈር የምትሠራ ሀና የምትባል የጋይንት ልጅ ናት። አሠሪዎቹ መጀመሪያ ታመመች አሉ፤ ቀጥለው ከደረጃ ወደቀች አሉ፤ በመጨረሻ ምንም ማለት ተዉ። እዚያው ተቀብራለች። ልብሷን ልውሰድ ብላ በር ድረስ ለሄደችው ለሀና፣ ምን ልብስ ብለው በሩን ዘጉባት። ቀለመ ወርቅ ይህን የሰማው በረንዳው ላይ ስፌት መኪናው ፊት ተቀምጦ የሰው ሱሪ እያሳጠረ ነው። ሱሪውን ጨርሶ፣ አጣጥፎ አስቀመጠና ወገዳ ለአጎቱ ደወለ። አቶ ወርቅነህ ከቄሱ ጋር ተነጋግረው መርዶው ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ እንዲነገር ወሰኑ። እሑድ ሆሳዕና ነው፤ ሰኞ ሰሞነ ሕማማት ይገባል፤ በሕማማት ፍትሐት አይደረግም። ከትንሣኤ በኋላ ይሁን እንዳይባል ደግሞ ወይዘሮ ካሣነሽ ልጄ ለፋሲካ ትገባለች ብለው ለሰፈሩ ሁሉ አውርተዋል። እስከዚያ ግን ዓርብ እንደማንኛውም ዓርብ ሆኖ መዋል አለበት። መርዶ የሚነገረው ሰው ሳይጠረጥር ውሎ፣ እህል ቀምሶ፣ እንቅልፉን ተኝቶ ማደር አለበት። ከዚያ በኋላ ለስንት ቀን እንደማይበላና እንደማይተኛ ስለሚታወቅ ነው።

"ካሣነሽ፣ ዛሬ እንኳ ስድስት ሰዓት ላይ ቅመሽ" አሉ ቄስ ወልደ ሰንበት፣ መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እያዛወሩ።

"አባ! ዕድሜ ልኬን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስውል ቅመሽ ብለውኝ አያውቁም። ዛሬ ምን ተገኘ?"

"ደክመሽ አይቼሽ ነው።"

"ድካሙስ ትላንትም ነበር" አሉ ወይዘሮ ካሣነሽ። ወደ ወንድማቸው ዞሩ። "አንተስ ወርቄ፣ ገበያ በሌለበት ቀን ከወገዳ ምን አመጣህ?"

"ቀጠሮ አለኝ እትዬ። ፍርድ ቤት።"

"ዛሬ?"

"ዛሬ።"

"ታዲያ እዚህ ምን ተቀምጠህ ትጠብቃለህ? ዳኛው ቤቴ ድረስ የሚመጣልህ መስሎህ ነው?"

ቄሱ ሳል ያዛቸው። አቶ ወርቅነህ ግን ከመቀመጫቸው አልተነሡም፤ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ከቴሌቪዥኑ ጎን ወዳለችው ትንሽ ጠረጴዛ ማየት ጀመሩ። ሳሎኑ አራት ሰው ሲቀመጥበት የሚሞላ ነው። ግድግዳው ለባለፈው ጥምቀት አረንጓዴ ተቀብቶ ከታች ከእርጥበቱ የተነሣ መላጥ ጀምሯል። በአንድ በኩል ሁለት የእንጨት ወንበር፣ በሌላው በኩል ሌሊት አልጋ የሚሆን መደብ አለ። ትንሿ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠውን ነገር ቤተሰቡ "መስታወቱ" ነው የሚለው። ኢየሩሳሌም ዐምና ወደ አገሯ በምትመለስ ሴት አስይዛ የላከችው የዓሣ ማኖሪያ ነው። መጠኑ ከጠረጴዛ ሬዲዮ ብዙም አይበልጥም። የአሠሪዎቿ ልጅ ሁለት ዓሣ ሲያኖርበት ቆይቶ ሰለቸውና ሊጥለው ሲል ለምና ወሰደችው። አብሮት አንድ ከረጢት የባሕር ጨው፣ የጨው መስፈሪያ፣ አየር የሚነፋ ጣት የምታህል ሞተር መጥቷል። ወይዘሮ ካሣነሽ ልጃቸው በስልክ እንደ ነገረቻቸው ጨውን በጥብጠው ሞሉት፤ ለቴሌቪዥኑ የሠሩትን ዓይነት ዳንቴል ሠርተውም አለበሱት። መብራት ባለ ቀን ማታ ማታ ዳንቴሉን ገልጠው ሞተሩን ይከፍታሉ፤ ምንም የማይዋኝበትን ውኃ "ይተንፍስ" ይላሉ። ውኃው ተንኖ በጎደለ ቁጥርም ሌላ ጨው በጥብጠው ይጨምሩበታል። ጨዉ አብሮ የሚተን መስሏቸው ነው። ከረጢቱ ሲያልቅ ከገበያ ገዝተው ቀጠሉ። አሁን የመስታወቱ አፍ ዙሪያውን ነጭ ሆኖ እንደ ውርጭ ጋግሯል።

ኢየሩሳሌም የምትደውለው ብዙ ጊዜ ዓርብ ነበር። ቀለመ ወርቅ ስልኩን ድምፁን ከፍቶ መደቡ ላይ ያስቀምጠዋል፤ እናትና ልጅ ያወራሉ፤ እሱ ይሰማል። ስለ ጤናዋና ስለ ሥራዋ ሲጠይቋት ቶሎ ብላ ወደ ዓሣ ትዞራለች። "ለትንሽ መስታወት የማይሆነውን ልንገርሽ እማዬ" ትላለች። "የሚያድግ አይሆንም። ሩቅ መዋኘት የለመደም አይሆንም፤ ግድግዳው እየመታው ያብዳል። የሚጣላ አይሆንም፤ ሌላው የሚሸሽበት የለውም። ብዙም አይሆንም፤ ውኃው ትንሽ ስለሆነ በአንድ ቀን ይበላሻል።" ወይዘሮ ካሣነሽ "ታዲያ ምን ቀረ?" ይሏታል። "እንደኔ ያለው ቀረ! ትንሽ፣ ዝም ያለ፣ ጥግ የሚበቃው" ትልና በስልኩ ውስጥ ትስቃለች። የምትተኛው የልብስ ማጠቢያው ማሽን ባለበት ክፍል እንደሆነ፣ እግሯን ካላጠፈች እንደማይበቃት የነገረችው ለወንድሟ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ደግሞ በአሠሪዎቿ ሳሎን ባለው ትልቅ መስታወት ውስጥ ስላለች አንዲት ዓሣ አወራቻቸው። ጣት አታክልም። አንበጣ የሚመስል፣ ዐይኑ የደከመ የባሕር ፍጥረት ጓደኛ አላት። እሱ ሲቆፍር ይውላል፤ እሷ ከጉድጓዱ አፍ ቆማ ትጠብቃለች፤ ክፉ ነገር ስታይ ጭራዋን ትነቀንቅለታለች፤ ሁለቱም ይገባሉ። ለትንሽ መስታወት ከሁሉ የምትሻለው እሷ ናት፤ ከበሯ አትርቅም። ወይዘሮ ካሣነሽ ይህችን ዓሣ በጣም ወደዷት። ከዚያ ወዲህ ቀለመ ወርቅ እራቱን በልቶ ደጃፍ ላይ ሲቀመጥ "ጠባቂዋ ዓሣ ወጣች" ይሉታል።

"ኢየሩስ መጥታ ባዶውን አታገኘውም" አሉ ወይዘሮ ካሣነሽ አሁን፣ ዳንቴሉን እያቃኑ። "ዛሬ ሄደህ ከንጉሴ የዓሣ ኩሬ ሁለት ምረጥልኝ። ነገ ሰው ይበዛዋል፣ እሑድ ሆሳዕና ነው።"

ቀለመ ወርቅ አጎቱን አየ፤ አጎቱ መሬት አዩ። "እማዬ፣ የኛ አገር ዓሣ ጨው አይችልም ብላለች እኮ። ስመጣ ከዚህ ይዤ እመጣለሁ አላለችም?"

"አውሮፕላን ላይ ዓሣ! ማን ያስገባታል?" ወይዘሮ ካሣነሽ ሳቁ። "ደግሞ እሷስ የሰው አገር ውኃ ትችላለች ያለ ነበር? ለመደችው የለም? ዓሣም ይለምዳል።"

ቄስ ወልደ ሰንበት ተነሥተው ቆሙ፤ እንደ ቆሙም ምን ሊያደርጉ እንደተነሡ የጠፋቸው መሰሉ።

"አባ፣ በጾም ዓሣ ወደ ቤት ማስገባት ነውር አለው?"

"ካልበላሽው ምን አለው" አሉ ቄሱ ቀስ ብለው። "እንስሳ ነው። እንስሳ ማኖር ነውር የለውም።" አሳልመዋቸው ወጡ። ድጓ የተማሩት ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ነው፤ ድምፃቸው ለማኅሌት ቤተ ክርስቲያኑን ይሞላል ይባልላቸዋል፤ በዚያ ጧት ግን የተናገሩትን ለመስማት ጆሮ ማቅረብ ያስፈልግ ነበር።

አቶ ወርቅነህ ሊሄድ የተነሣውን ቀለመ ወርቅን ተከትለው እስከ አጥሩ በር ወጡ። "ሂድ" አሉት። "ካልሄድክ ትጠረጥራለች።"

"ይሞታሉ ጋሼ።"

"አሁን ዓሣ ነው የሚያሳስብህ?" አሉና ወዲያው የልጁን ትከሻ ያዙ። "ቶሎ ብለህ ደግሞ አትመለስ" አሉት። "እኔም ፍርድ ቤት መሄድ አለብኝ።" ሁለቱም በየፊናቸው ሄዱ፤ አቶ ወርቅነህ ሙግት የሌላቸው ሰውዬ፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው ወደ ፍርድ ቤቱ በኩል ሲያዘግሙ ታዩ።

ቀለመ ወርቅ ሁለት ባዶ ሃይላንድ በፌስታል ይዞ በመናኸሪያው በኩል ወረደ። ደብረ ታቦር፣ ደብረ ታቦር የሚሉ ረዳቶች አንድ መንገደኛ ለሁለት ይጎትታሉ። ለሆሳዕና ዘንባባ የቆረጡ ሰዎች እሥሩን በሦስት ብር ይሸጣሉ፤ አንዲት ሴት ሁለት ብር ተከራክራ ሁለት ብር ከሃምሳ ከፍላ ሄደች። ሰው ሁሉ እኅቱን ይጠይቀዋል። የጨርቅ ሱቅ ያለው ደምሌ ከባንኮኒው ኋላ ሆኖ "ኢየሩስ መቼ ነው የምትገባው? ሽቶ አምጪልኝ ብያት ነበር፤ ረስታ ብትመጣ አላናግራትም በላት!" አለው። ቀለመ ወርቅ ራሱን ነቀነቀለት። ከልጅነቱ ጀምሮ የማይናገር ሰው ነው፤ ስድስተኛ ክፍል ላይ አስተማሪ ሲጠይቀው እያወቀ ስለማይመልስ ትምህርቱን ተወው። ሰው ይህን ጠባዩን ስለለመደ ዝምታውን ከምንም አልቆጠረውም። በዚያ ቀን ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ፊቱን አይተው ምን ሆንክ ይሉት ነበር።

የንጉሴ ኩሬ ከከተማው ወጣ ብሎ ቁልቁል ከሚወርደው ጅረት ዳር ነው። የግብርና ሠራተኞች መክረውት ቆፍሮ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ያረባበታል። ንጉሴ እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ ሣር ሲነቅል አገኘው። "ለጾም ነው?" አለ ከሩቁ። "ቄሶቹ እንዳይሰሙህ እንጂ ኪሎውን በሠላሳ አምስት እሰጥሃለሁ።"

"ለመስታወት ነው" አለ ቀለመ ወርቅ።

"ለምን?"

ቀለመ ወርቅ በእጁ የመስታወቱን ወርድና ቁመት አሳየው። ንጉሴ ከውኃው ወጥቶ እጁን በሱሪው አበሰና የታየውን ልክ ራሱ በእጆቹ ደግሞ ለካው። "እዚህ ውስጥ? ሰው ተኝቶ የማይገላበጥበት አልጋ በለው።" ከዚያ ግን ነገሩ ደስ አለው። አሮጌ አጎበር አምጥቶ በኩሬው ጥግ ጎተተ፤ ጣት ጣት የሚያካክሉ ቆሮሶዎች እየዘለሉ ወጡ። "ይኸው፣ ምረጥ።"

ቀለመ ወርቅ አጎንብሶ ብዙ ቆየ። የእኅቱ ቃል አንድ በአንድ መጣለት። የሚያድግ አይሆንም፦ ቆሮሶ ያድጋል፤ ንጉሴ የሚያረባውም ስለሚያድግ ነው። የሚጣላ አይሆንም፦ ከአጎበሩ ውስጥ ሆነው እንኳ አንዱ ሌላውን ይነክሳል። "እነዚህ አይሆኑም" አለ።

"ኧረ ምን ዓይነት ሙሽራ ናት የምትመርጠው!" አለ ንጉሴ።

"የማያድግ። ቦታ የማይፈልግ። ዝም ብሎ የሚቀመጥ።"

ንጉሴ አሰበና ወደ ኩሬው የሚገባው ጅረት ወሰደው። ውኃው ከድንጋይ ላይ በሚሸራተትበት ቦታ አጎንብሶ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አነሣ። ከድንጋዩ ሥር፣ በአፋቸው ተጣብቀው፣ ድንጋይ የሚመስሉ ትናንሽ ዓሦች ነበሩ። "ድንጋይ ላሽ ነው የምንላቸው። ልጅ ሆኜም ይህንኑ ያህል ነበሩ። ከያዙት ድንጋይ አይለቁም። ከማንም አይጣሉም። አይበሉም፣ አይሸጡም።" በመዳፉ ከልሎ ሁለቱን ያዘና ሃይላንዱ ውስጥ ከቷቸው። ዓሦቹ ትንሽ ተርበተበቱና በአፋቸው የሃይላንዱን ግድግዳ ይዘው ዝም አሉ። ቀለመ ወርቅ ወደ ፀሐይ አንሥቶ አያቸው። ሆዳቸው ነጭ ነበር፤ በአፋቸው ዙሪያ ያለችው ክብ ነገር ስትተነፍስ ትታያለች። እኅቱ ያለችው ዓይነት ናቸው። በዚህ አገር ካለው ውኃ ሁሉ ቢፈለግ ከእነዚህ የሚሻል ለትንሿ መስታወት አይገኝም። የሚቀረው ጨዉ ብቻ ነው።

"ስንት ነው?"

"ለሚበላ እንጂ ለሚታይ ዋጋ አላወጣሁም። ሂድ። እኅትህ መቼ ነው የምትመጣ?"

"ለበዓል" አለ ቀለመ ወርቅ። ከማክሰኞ ጀምሮ ራሱን ሲነቀንቅ ነው የቆየው፤ በአፉ ሲዋሽ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ንጉሴ "እንኳን ደስ አላችሁ፤ ስትመጣ አንድ ትልቅ ቆሮሶ ከኔ ስጦታ ነው፣ ንገራት" አለና ወደ ሣሩ ተመለሰ።

ሁለተኛውን ሃይላንድ ከጅረቱ ሞልቶ ወጣ። ሐሳቡን መንገድ ላይ ጨርሷል፤ እናቱ ከቤተ ክርስቲያን ሳይመለሱ ጨዋማውን ውኃ ደፍቶ መስታወቱን በወንዝ ውኃ ይሞላዋል። ሌላ ውኃ መሆኑን ማን ያውቃል? ዓሦቹ ያድራሉ፤ እናቱም ዓሦቹን እያዩ ያድራሉ። ከነገ ጧት በኋላ ስለሚሆነው ማሰብ አልፈለገም። የእሱ ድርሻ እስከዚያ ድረስ ያለው ነበር።

ቤት ሲደርስ አጎቱ ከፍርድ ቤት ተመልሰው ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ዳንቴሉን ገልጠው መስታወቱን እያዩ ነበር። ቀለመ ወርቅ ባልዲ አመጣና ጣሳውን ውኃው ውስጥ ነከረ።

"ምን ልታደርግ ነው?"

ነገራቸው። አቶ ወርቅነህ ሰሙት። ቀለመ ወርቅ ጣቱን ነክሮ ውኃውን ቀመሰው፤ ምላሱን የሚያቃጥል ጨው ነበር። አጎቱ እጁን ያዙት። "ተው" አሉት። "ይህ ውኃ እናትህ ልጄ ባለችኝ መስፈሪያ የበጠበጥኩት ነው እያለች የምትምልበት ነው። የልጅቱ ልብስ አልመጣ፣ አስከሬኗ አልመጣ። ነገ እህቴ ምን ይዛ ታለቅሳለች?" ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ጋቢያቸውን ዐይናቸው ላይ አደረጉ። ቀለመ ወርቅ ጣሳውን ወደ ቦታው መለሰ። ዓሦቹን ከነውኃቸው በፕላስቲክ ሳፋ አድርጎ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ከደጅ አምጥቶ መሐል አኖረላቸው። ወዲያው ድንጋዩን ያዙ። አጎትና የእኅት ልጅ ሳፋውን እያዩ፣ የአጥሩ በር ሲንኳኳ እስኪሰሙ ድረስ ቆዩ።

ወይዘሮ ካሣነሽ ነጠላቸውን ሳያወልቁ ሳፋው ላይ አጎነበሱ። "እነዚህ ናቸው?" አሉ። ቀለም ያለው ነገር ጠብቀው ነበር መሰል። ከዚያ አንዱ ዓሣ ከድንጋዩ ጫፍ ወጣ ብሎ ቆመና ጭራውን ነቀነቀ። "ወይኔ! ጠባቂዋ!" እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ከጓሮ ያለውን ክፍል የተከራየችውን ቦጋለችን ጠሯት፤ እሷም መጥታ አየችና "እንዴ፣ እነዚህ እኮ ድንጋይ ናቸው" ብላ ይበልጥ አሣቀቻቸው። በቤቱ ውስጥ ሁለቱ ሴቶች ሲሥቁ ሁለቱ ወንዶች ቆመው አዩ።

"እንግዲህ እናስገባቸው" አሉ ወይዘሮ ካሣነሽ።

ቀለመ ወርቅ ወንበሩን ሳበና በሳፋውና በጠረጴዛው መሐል ተቀመጠ። "ከመንገድ ነው የመጡት እማዬ። ዛሬ በውኃቸው ይረፉ። ነገ ታለማምጃቸዋለሽ።"

እናቱ አዩት። ይህን ያህል አንድ ላይ ሲናገር ሰምተውት አያውቁም። "እሺ" አሉ። "መንገደኛ ማረፍ አለበት። ነገ በጧት አስገባቸዋለሁ።"

ያን ቀን ወይዘሮ ካሣነሽ ሽሮውን ጥሩ አድርገው በሉ። አቶ ወርቅነህ አንድ ጉርሻ፣ ደግሞም አንድ ጉርሻ እያሉ አጎረሷቸው፤ "ዛሬ ደግሞ ምን ሆነህ ነው፣ እንደ ሙሽራ ታጎርሰኛለህ" እያሉ ጎረሱ። መብራት ነበር፤ ሞተሩን ከፈቱት፤ ባዶው ውኃ አረፋ ይሠራ ጀመር። ዓሦቹ መመረጣቸውን ለኢየሩሳሌም ካልነገርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም አሉ። ቀለመ ወርቅ ስልኩን አውጥቶ የሚያውቀውን ቁጥር ደወለ። አንዲት ሴት በዓረብኛ ተናገረች፤ የተቀዳ ድምፅ ነው። ስልኩን ለእናቱ ሰጣቸው። ወይዘሮ ካሣነሽ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው ሴትዮዋ ተናግራ እስክትጨርስ ድረስ በጨዋነት አዳመጡ። "ዘግታለች" አሉ መልሰው እየሰጡት። "ሥራ ላይ ናት። ነገ እነግራታለሁ።" ከዚያ ገብተው ተኙ። ሁለቱ ወንዶች ግድግዳው ማዶ ትንፋሻቸው ረጋ ብሎ ሲሄድ ሰሙ። ያሰቡት ሁሉ ተሳክቶላቸው ነበር፤ በልተዋል፣ ሥቀዋል፣ ተኝተዋል።

ጎሕ ሲቀድ ቄስ ወልደ ሰንበት ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። በሩን የከፈቱት ወይዘሮ ካሣነሽ ራሳቸው ናቸው፤ በአንድ እጃቸው ጣሳ ይዘዋል። ነጠላ ያዘቀዘቁትን ሽማግሌዎች አዩ፣ ከኋላቸው ሰፈርተኛው ቆሞ አዩ፣ ዞር ብለው ወንድማቸውን አዩ። "ቆዩ አባ" አሉ። "ቆዩ፣ ገና ዓሦቹን አላስገባሁም።" ቄሱ ቆዩ። ግን የሚጠበቅ ነገር አልነበረም፤ ነገሯቸው።

ፀሐይ ስትወጣ ግቢው ውስጥ ሸራ ተወጥሮ ነበር። አስከሬን የሌለው ለቅሶ በሟች ልብስና በፎቶ ነው የሚለቀሰው፤ ልብሱን መሐል አውጥተው አልቃሿ እያነሣች ታሳያለች። ሴቶች ገብተው ሣጥኑን ፈተሹ። ኢየሩሳሌም ስትሄድ የቀረውን ልብሷን አዲስ እልካለሁ ብላ ለዘመድ ልጆች እንዲሰጥ አድርጋ ነበር። የተገኘው ለመታወቂያ የተነሣችው ጥፍር የምታህል ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው፤ ከሁለተኛው ረድፍ ለተቀመጠ ሰው አይታይም። "የሷ የሆነ ነገር የለም ወይ?" አለች አልቃሿ። ድምፃቸው ተዘግቶ የነበረው ወይዘሮ ካሣነሽ ቀና አሉ። "መስታወቱን" አሉ።

ሁለት ጎረምሶች ከነውኃው ተሸክመው አወጡት። ውኃው እየተንገጫገጨ ልብሳቸው ላይ ፈሰሰ። ሸራው ሥር ወንበር ላይ አስቀመጡትና ዳንቴሉን አነሡለት። ለቅሶው ከዚያ በኋላ በረታ። ቦጋለች ደግሞ ሳፋውን ታቅፋ ከቤት ወጣች። ዓሦቹን ከመስታወቱ ያወጧቸው ለሸክሙ እንዲመች ብለው መስሏት ነው፤ ሳፋውም ለለቀስተኛ እጅ መታጠቢያ ይፈለጋል። ከወንዶቹ ጋር የቆመው ቀለመ ወርቅ ዘንድ መጥታ "እነዚህስ? ይግቡ አይደል?" አለችው።

አፉን ከፈተ። እናቱ መሬት ላይ እንደ ተቀመጡ እሱን ያዩ ነበር። ከመርዶው ወዲህ ማንንም አላዩም፤ አሁን ግን ሳፋውን አይተው ወደ እሱ አዩ፤ የሚለውን እየጠበቁ። መስታወቱ ባዶ ነበር።

"ይግቡ" አለ።

ቦጋለች በመዳፏ አንድ በአንድ አስገባቻቸው። ዓሦቹ አንድ ጊዜ ዞሩ፤ ከዚያ በአፋቸው የመስታወቱን ግድግዳ ይዘው ሰው ሁሉ በሚያይበት በኩል ተጣበቁ። "አዩአቸው፣ ለመዱ" አለች አንዲት ሴት። ወይዘሮ ካሣነሽ ተንበርክከው ተጠጉና ጣታቸውን በውጭ በኩል ዓሦቹ አፍ ላይ አደረጉ። አልቃሿ የልጅቱን ስም ጠራች።

የገጠሩ ለቀስተኛ ሳይደርስ ሁለቱም ዓሦች ሞቱ። ቦጋለች በሻይ ማጥለያ አወጣቻቸውና ከአጥሩ ውጭ ጣለቻቸው። በማግስቱ በሆሳዕና፣ ሕማማት ሳይገባ፣ ፍትሐቱ በቤተ ክርስቲያን ተደረገ፤ አቶ ወርቅነህ ሠልስቱ ሲያልፍ በአውቶቡስ ወደ ወገዳ ሄዱ። መስታወቱ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። ወይዘሮ ካሣነሽ ከዚያ ወዲያ ውኃ አልጨመሩበትም፤ ለሙት ዓመቷ ውስጡ የቀረው ጨው ብቻ ነበር።